የሔትና የዐይን መምህርት

ተማሪዎቿ «ጉሮሮ» ነበር የሚሏት። ፊት ለፊት «ቲቸር» ይሏታል፤ ዞር ስትል ግን ጉሮሮ ነች። «ዛሬ ጉሮሮ አለችን እንዴ?» ይባባላሉ ኮሪደር ላይ። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ገቢው ከነባሩ እየወረሰ ሲቀባበለው የኖረ ስም ነው። እሷም ታውቃለች። አንድ ቀን የቢሮዋን በር ከፍታ ስትወጣ ሁለት ልጆች ስሟን ሲያነሡ ደረሰችባቸው። ልጆቹ ክው ብለው ቀሩ። «ምናለበት፣ ከዚህ የባሰም ስም አለ» ብላቸው አለፈች።

ሥራዋ በአንድ መንፈሳዊ ኮሌጅ ውስጥ የጥንቱን ዕብራይስጥ ማስተማር ነበር። እንዲህ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል፤ እሷ የያዘችው ግን መግቢያውን ብቻ ነው፤ ፊደሉንና አነባበቡን። ሰዋስውና ከዚያ በላይ ያለው በሌሎች ሰዎች እጅ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ መጀመሪያ ከአሌፍ ትነሣና ታው ላይ ትደርሳለች። በዓመቱ ሌሎች ልጆች ይመጣሉ፣ ተመልሳ አሌፍ። «እኔ እኮ ዕድሜ ልኬን አንደኛ ክፍል ነኝ» ትል ነበር እየሳቀች። በኋላ በኋላ ሳቁ ጠፋና ንግግሩ ብቻ ቀረ።

ፊደሎቹ ሃያ ሁለት ናቸው፤ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋሉ። ሁሉም ተነባቢዎች ናቸው። እንደኛ ፊደል በ፣ ቡ፣ ቢ እያሉ ቅርጽ አይለውጡም፤ አናባቢውን አንባቢው ራሱ ይጨምርበታል። ከሥርና ከላይ የሚታዩት ነጥቦችና ጭረቶች ብዙ ዘመን ቆይተው የመጡ ናቸው። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ደስ ይላቸዋል። ቤት የሚባለው ፊደል ትርጉሙ ቤት ነው፣ ዐይን ዓይን ነው፣ ሬስ ራስ ነው። «አይ ይሄማ የራሳችን ነው!» ይላሉ። ባዕድ ሰው አፉ እስኪጣመም የሚታገልባቸውን ጤትን፣ ጻዴንና ቆፍን ጠጥተዋቸው እንዳደጉ ሁሉ ያለ ጭንቅ ይሏቸዋል። ጉዱ የሚፈላው ሔት ላይ ሲደርሱ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ዐይን ላይ።

«እኛ ሐመሩን ሐ ከሀሌታው ሀ በጽሕፈት እንለየዋለን እንጂ በአፋችን አንድ አድርገናቸዋል» ትላቸዋለች። «ዐይኑን ዐ እና አልፋውን አም እንደዚሁ። በጥንቱ ዕብራይስጥ ግን አራቱም ለየብቻ ነበሩ። ሄ ዝም ብላ የምትወጣ ትንፋሽ ናት። ሔት ያው ትንፋሽ ጉሮሮ ላይ ሲጠብባት ነው። መነጽር ለመወልወል ‹ሃ› እንደምትሉት፣ ግን ጉሮሮን ጠበቅ አድርጋችሁ።» መነጽሯን ታወልቅና ታሳያቸዋለች፤ መስተዋቱ ጉም ይለብሳል። «ዐይን ደግሞ ሐኪም ምላሳችሁን በእንጨት ሲጫነው ጉሮሯችሁ እምቢ እንደሚለው ዓይነት ነው። በሉ አንድ ላይ።»

አንድ ላይ ሲሉት ክፍሉ ጉንፋን የገባበት የፍየል በረት ይመስላል። በጎን ያለው የመዝሙር አስተማሪ ግድግዳውን ይደበድባል።

«ቃራእ በአሌፍ ሲያልቅ አነበበ ማለት ነው» ትቀጥላለች። «ቃራዕ በዐይን ሲያልቅ ቀደደ ነው። ዐይንን እንደ አሌፍ ካላችሁት፣ መጽሐፉን ያነበበውና መጽሐፉን የቀደደው ሰው አንድ ሆኑ ማለት ነው።» ልጆቹ ይስቃሉ። በየዓመቱ እዚሁ ቦታ ላይ ይስቃሉ። እሷም ቦታውን ስለምታውቀው ቆም ብላ ትጠብቃቸዋለች።

የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነበር፤ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ወደ ጎሚስታ ቤት በሚያይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት። ጎማ ሲነፋና መዶሻ ሲወርድ ይውላል። እናትየዋን ይህ አይረብሻቸውም፤ አይሰሙትማ።

እናትየዋ በዘመናቸው የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ራሳቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው፣ ገመድ ከአንዱ ቀዳዳ ነቅለው ሌላው ላይ እየሰኩ፣ ሰውን ከሰው ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ናቸው። የደዋዩን ድምፅ አንዴ ከሰሙ አይረሱትም ነበር አሉ። «እኚህ ትናንት የደወሉት ሰውዬ ናቸው፤ ዛሬ ደግሞ ጉንፋን ይዟቸዋል» ይሉ ነበር። እኚህ ሴት ጆሯቸው ከከዳቸው ቆይቷል። እሳቸው ግን አልተቀበሉትም። ጥፋቱ የሰው ነው። «የዛሬ ሰው ቃሉን አፉ ውስጥ ያላምጠዋል» ይላሉ። ከሁሉ የከፋችው ደግሞ ልጃቸው ነች።

«እማዬ፣ ሻዩ ፈላ» ትላቸዋለች ከወጥ ቤት።

«ማን ተጣላ?»

«ማንም አልተጣላም! ሻዩ! ሻዩ ፈላ!»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አፍሽን ከፍተሽ ብትናገሪ ምን ይልሻል? ሰው ታስተምሪያለሽ ደግሞ።»

በዚህ ጊዜ ሻዩ መፍላቱን ፎቁ በሙሉ አውቋል። መድኃኒት መወሰዱን፣ ጋዝ መዘጋቱን፣ የሐኪም ቀጠሮ ማክሰኞ መሆኑን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ከታች ያለው ጎሚስታ ሳይቀር ደረጃው ላይ ሲያገኛት «እናታችን ደም ግፊታቸው ወረደላቸው አይደል? እግዜር ይመስገን» ይላታል። ማን ነገረህ አትለውም፤ የነገረችው ራሷ ናት፣ በመስኮት።

አንድ ታናሽ ወንድም አላት፤ በከተማው ሌላ ጫፍ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ክፉ ሰው አይደለም። ይደውላል። «እማዬ ደህና ናት?» «ደህና ናት።» «ጆሮዋስ?» «ያው ነው።» «አንቺ ታውቂበታለሽ እታለም፣ እኔን አትሰማኝም» ይልና ይዘጋል። በእርግጥም እሷ ታውቅበታለች። ጠዋት ስትጮህ ወጥታ ማታ ልትጮህ ትገባለች። መሐል ላይ ደግሞ ሔትና ዐይን አሉ።

በአንዱ ዓመት፣ ልክ ዐይን ላይ ስትደርስ፣ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ያልተቀባ የበር ማጠፊያ የመሰለ ድምፅ አወጣች። ልጆቹ ዐይን ማለት ይሄ መስሏቸው በትጋት ደገሙት። በሌላ ጊዜ ቢሆን ከልጆቹ እኩል ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ጠመኔውን አስቀምጣ «ለዛሬ ይበቃናል» አለች። ዝንጅብል ጠጣች፣ አንገቷን በሻርፕ ጠቀለለች፣ ቅዳሜና እሑድ ከቤት አልወጣችም። ሰኞ ድምፅዋ ከዓርቡ ብሶ ተገኘ።

ዲኑ ቢሮው ጠራት። የዱሮ ተማሪዋ ነው፤ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ዐይን ግን እስከ መጨረሻው አልወጣለትም። ዲን ከሆነ በኋላም «እርስዎ» እንዳላት ነው።

«መምህር፣ ራስዎን እየጎዱ ነው እኮ። እነዚያን የጉሮሮ ድምፆች ለምን አይተዋቸውም? ዛሬ ዕብራይስጥ የሚናገሩትም ራሳቸው ትተዋቸዋል። ሔትን ኸ ይሉታል፣ ዐይንን እንደ አሌፍ ያልፉታል፣ ቆፍን ከካፍ አንድ አድርገውታል። ሌሎች ኮሌጆችም የሚያስተምሩት እንደዚያ ነው።»

«ሁሉም አይደሉም» አለች።

«አብዛኞቹ።»

«አብዛኞቹ፣ አዎ።»

ቀደም ሲል በዚህ ነገር የመጣባትን አታሳልፍም ነበር። የጥንቱን አነባበብ አሁንም ያልተዉት ማኅበረሰቦች እንዳሉ፣ ሁለት ፊደል በአንድ ድምፅ ሲጠራ ቋንቋው ምን እንደሚጎድልበት ከጥግ እስከ ጥግ ታስረዳ ነበር። ያን ቀን ግን የዲኑን ጠረጴዛ ጫፍ እያየች «እሺ» አለች። ዲኑ ለክርክር ተዘጋጅቶ ስለነበር እሺታውን አልሰማውም፤ ለጥቂት ጊዜ ማስረዳቱን ቀጠለ። ከዚያ ነው «እሺ አሉ?» ያለው። «እሺ አልኩ።» ተነሥታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሰላም ሆነ። የመዝሙር አስተማሪው ኮሪደር ላይ አግኝቷት «ዘንድሮስ ፍየሎቹን ሸጥሻቸው?» አላት። ልጆቹም ቀለላቸው፤ ውጤታቸው አማረ። አንድ ቀን ግን ቃለ ጽሕፈት ስትሰጣቸው «ቃራ» ብላ አለፈች፤ በአሌፍ ይሁን በዐይን የማይታወቅ ቃራ። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አነበበው ነው ወይስ ቀደደው?»

«የፈለግሽውን ጻፊ» አለቻት።

ክፍሉ ሳቀ፤ ቀልድ መስሏቸው ነው። እሷ ግን አልቀለደችም። ልጅቷ ብዕሯን እንደያዘች ፊቷን ስታያት ቆየችና አንገቷን ደፍታ አንዱን ጻፈች። መምህርቷ የትኛውን እንደጻፈች ለማየት እንኳ አልሄደችም። ከክፍል ወጥታ ቢሮዋ ስትገባ ምሳዋን ከፍታ መልሳ ከደነችው። ተማሪ ጠይቋት እንዲህ ብላ መልሳ አታውቅም።

የሚገርመው፣ ሔትንና ዐይንን ትታ እንኳ ድምፅዋ አልተመለሰም። ጭራሽ ጠዋት ጠዋት የሚወጣላት ትንፋሽ ብቻ ሆነ። የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ውስጧን በስክሪን አሳያት፤ ሁለቱ የድምፅ አውታሮች ላይ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ነጫጭ እብጠቶች።

«መጅ ነው» አላት። «አካፋ የሚይዝ ሰው እጁ ላይ እንደሚያወጣው። ቢላዋ አያስፈልገውም፣ የድምፅ ባለሙያ ትይሽ።»

የድምፅ ባለሙያዋ ጡረታዋ የደረሰ ሴትዮ ነበረች፤ ጠረጴዛዋ ሥር ጫማዋን አውልቃ የምትቀመጥ። ሥራዋን ስትጠይቃት፣ መምህርቷ በዚያ በሻከረ ድምፅ ፊደሎቹን እንደ ወንጀለኛ አንድ በአንድ ቆጠረችላት። ሔት እንዲህ ነው፣ ዐይን እንዲህ ነው፣ ጉሮሮዬን የፈጁት እነሱ ናቸው።

«እስቲ በይልኝ» አለች ሴትየዋ፣ ጣቶቿን አንገቷ ላይ አሳርፋ። «ቀስ ብለሽ። አትጩኺ።»

አለችላት። ከተወቻቸው ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሔት እንደ ዱሮው ወጣች፤ ዐይንም ሰለል ብላ ወጣች።

«ድገሚው።»

ደገመችው። ሴትየዋ እጇን አነሣች። «እነዚህ አይደሉም። የመጀመሪያው ባዶ ትንፋሽ ነው፤ አውታሮችሽ አይጋጩበትም። ሁለተኛውም እንዲህ በዝግታ ከተባለ ምንም አያደርግሽም። መጅ የሚያመጣው ጩኸት ነው። የምትጮኺው የት ነው?»

«አልጮህም። ክፍሌ ትንሽ ነው።»

«ቤትሽስ?»

ውጭ ኮሪደሩ ላይ የነርስ ጫማ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል።

«እናቴ አትሰማም» አለች በመጨረሻ። ይህንን ለሰው ተናግራ አታውቅም ነበር። ወንድሟ ጆሮዋስ ሲላት «ያው ነው» ነው መልሷ፤ ጎሚስታው ሲጠይቃት «ደህና ናት» ነው። «ከጠዋት እስከ ማታ ነው የምጮኸው። ስጮህ ደግሞ ተቆጣሽኝ ትላለች። ዝቅ ስል አፍሽ ውስጥ ታላምጪዋለሽ ትለኛለች። ደክሞኛል እኮ።»

ሴትየዋ አልመከረቻትም፣ አላጽናናቻትምም። ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈችና «እስክትመለሺ ድረስ አንዲት ቃል እንዳትናገሪ። ሹክሹክታም አይቻልም፤ እሱ ይብሳል» አለቻት።

በአውቶቡስ ስትመለስ ያሰበችው ስለ እናቷ አልነበረም። ስለ ሔትና ዐይን ነበር። ምንም ሳያጠፉ አሳልፋ ሰጥታቸው ነበር፤ ያውም ያለ ክርክር።

ቤት እንደደረሰች ወረቀት ላይ በትልልቁ «ሐኪም እንዳልናገር ከለከለኝ» ብላ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። እናትየዋ መነጽራቸውን አድርገው ቀርበው አነበቡት።

«ታዲያ ድሮስ መቼ ትናገሪ ነበር?» አሉ።

እንዲህ ሆነና አንዷ አትናገር፣ አንዷ አትሰማ፣ ሁለቱ በአንድ ቤት ተቀመጡ። የመጀመሪያው ሰሞን ለእናትየዋ ተመቻቸው። የሚያቋርጣቸው የለም፤ የዱሮ ወሬያቸውን ከጥዋት ጀምረው ያወራሉ፤ በስልክ ተጣልተው በስልክ የታረቁ ባልና ሚስት፣ መስመር ላይ ያለቀሰ ነጋዴ፣ ገመድ ተሳስታ የሰካች ጓደኛቸው። ልጅቱ ራሷን እየነቀነቀች ልብስ ታጥፋለች። በስንት ጊዜዋ ዕረፍት አገኘች፤ እንቅልፍ ግን እንቢ አላት፤ ሌሊት ጉሮሮዋ ሊጮህ እየተዘጋጀ ይቀሰቅሳታል።

እየዋለ ሲያድር እናትየዋ ዝም ማለት ጀመሩ። ቤቱ ከበዳቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከዓለም ይደርሳቸው የነበረው የልጃቸው ጩኸት ብቻ እንደነበር አልገባቸውም ነበር። ሬዲዮውን ከፈቱት፤ ድንጋዩ አልቋል ብለው አዲስ ድንጋይ አስገቡለት፤ ከዚያ «ተበላሽቷል» ብለው መደርደሪያው ላይ ፊቱን አዙረው አስቀመጡት። ሬዲዮው ግን አልተበላሸም፤ እዚያው እንደዞረ ዜና ያነብ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። እናትየዋ አጠገቡ ተቀምጠው በመስኮት ጎማ ሲቀየር እያዩ ነበር፤ ንቅንቅ አላሉም። ልጅቱ ከወጥ ቤት ወጣች። ስልኩ ይጮሃል። እሷ ልታነሣው ትችላለች፣ መናገር ግን አትችልም። ቆመች። ቀጠለ። በመጨረሻ አነሣችውና እናቷ ጆሮ ላይ አደረገችላቸው።

እናትየዋ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ድምፃቸው ወዲያው የሥራ ድምፅ ሆነ። «ሃሎ። ሃሎ፣ ይናገሩ።» አዳመጡ። «ሃሎ?» በዚያኛው ጫፍ ወንድሟ እየጮኸ ነበር፤ «እማዬ! እኔ ነኝ! እማ!» ሲል ልጅቱ ከቆመችበት ጥርት ብሎ ይሰማታል። «መስመሩ የለም» አሉ እናትየዋ። «ዘግተው እንደገና ይሞክሩ።» አስቀመጡት።

ከዚያ ቀና ብለው የልጃቸውን ፊት አዩ።

«ይናገር ነበር እንዴ?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ማን ነው?»

እጇን ከፍ አድርጋ የወንድሟን ቁመት፣ ከዚያ ሪዙን በጣቷ አሳየች።

«ልጄ ነው?» አሉ። እጃቸው ስልኩ ላይ ነበር፤ አላነሡትም። «ልጄ ነው የደወለው፣ እኔ ዘጋሁበት?» እስኪጨልም እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። መብራቱን ያበራችው ልጅቱ ናት።

በማግስቱ ወንድምየው ሱቁን ዘግቶ መጣ። ስልኩ የተዘጋብኝ እማዬ ተቀይማኝ ነው ብሎ አስቦ ነበር። እህቱ በጽሑፍ ነገረችው። አንብቦ ሲጨርስ እናቱን አየ፣ እህቱን አየ። «እንዲህ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም እታለም?» አላት። ብዕሯን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። ሦስቱም በእሱ መኪና ጆሮ ምርመራ ሄዱ። እናትየዋ አልተከራከሩም።

ምርመራው ድምፅ በማያስገባ አነስተኛ ክፍል ውስጥ ነው። መርማሪው ወጣት እናትየዋን አስቀምጦ ማዳመጫ ደፋላቸው፣ እጃቸው ላይ ቁልፍ ሰጣቸው፤ ድምፅ በሰሙ ቁጥር መጫን ነው። እናትየዋ ማዳመጫውን ሲያደርጉ ጀርባቸው ተቃና፤ አገጫቸውን ከፍ አደረጉ። ቁልፉን መጫን ጀመሩ። ጫን፣ ጫን፣ ጫን። ቶሎ ቶሎ፣ በልበ ሙሉነት።

መርማሪው በመስተዋቱ አያቸውና ወደ ልጆቻቸው ዞረ። «ገና እኮ ምንም አልላክሁም» አለ ቀስ ብሎ።

ወንድምየው ወደ ግድግዳው ፊቱን አዞረ። እሷ በሩን ከፍታ ገባች፤ እናቷ ፊት በርከክ ብላ ቁልፉ ላይ ያለውን ጣታቸውን ያዘች።

«ልቀቂኝ፣ ልሥራበት» አሉ እናትየዋ። ፊቷን ግን አዩት። ጣታቸው ላላ። «ምንም የለም?»

ምንም እንደሌለ በራሷ ነገረቻቸው። እጃቸውን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ በኋላ ያለውን ምርመራ በትክክል ሠሩ፤ ብዙ ጊዜም ቁልፉን ሳይጫኑ ተቀመጡ።

መርማሪው ውጤቱን ሲያስረዳ፣ የእርጅና መስማት ችግር መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭኖቹን ድምፆች ነው አለ፤ ሰን፣ ፈን፣ ተን የመሳሰሉትን። ወፍራሞቹ፣ አ እና ኦ ዓይነቶቹ፣ ይቀራሉ። ስለዚህ ሰው ሲናገር ይሰማቸዋል፣ የተናገረው ግን አይለይላቸውም። መምህርቷ ይህንን ስትሰማ ብቻዋን ፈገግ አለች። እሷ ዕድሜዋን የፈጀችበት ፊደል ተነባቢውን ጽፎ አናባቢውን ለአንባቢው ይተወዋል፤ እናቷ ደግሞ በተገላቢጦሽ አናባቢውን ብቻ ይዘው ተነባቢውን ከራሳቸው ሲሞሉ ኖረዋል። ሻዩ ፈላ፤ ማን ተጣላ። አላምጦ የተናገረም፣ ሆን ብሎ ያልሰማም አልነበረም።

የመስሚያ መሣሪያው መጣ። እናትየዋ ባደረጉት ቀን መጀመሪያ የሰሙት ፍሪጁን ነው። «ይሄ ቤት እንዲህ ይጮሃል እንዴ?» አሉ። ማንኪያ ሲወድቅ ደነገጡ፤ ጎሚስታውን በመስኮት «ምነው ልጄ፣ ቀስ አትልም?» ብለው ገሠጹት፤ ሰውዬው እስከዛሬ ያልነበረ ተቆጪ ከየት መጣ ብሎ ቀና አለ። ሲሰለቻቸው ያወልቁታል። ሲፈልጉ ያደርጉታል። ለእሳቸው ያ ይበቃቸዋል።

የልጃቸው አፍ ሲፈታ ግን ሌላ ነገር መጣ። የድምፅ ባለሙያዋ «በይ አሁን ተናገሪ፣ ግን በልክ» ብላ ፈቅዳላት ቤት ስትገባ፣ እናትየዋ መሣሪያውን አድርገው ነበር።

«እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ?» አለች በዝግታ።

እናትየዋ ቡናማ ሹራባቸውን እየተኮሱ ነበር፤ ካውያውን አቆሙት። «ማነው?» አሉ፣ እያዩዋት።

«እኔ ነኝ እንጂ።»

«ድምፅሽ ምን ሆነ?»

ድምፅዋ መጁ ቢቀንስም አልተመለሰም ነበር፤ ወርዶና ሻክሮ ቀርቷል። «እንዲሁ ነው» አለች።

«እንዲህ አልነበረም» አሉ እናትየዋ። «አውቀዋለሁ እኮ። የሰው ድምፅ አልረሳም እኔ። ቀጭን ነበር። ስትስቂ ወደ ላይ የሚወጣ።» ካውያውን ነቀሉና ተቀመጡ። «መቼ ነው ያለፈኝ?» አሉ። ልጅቱ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሁለቱም ያ ድምፅ የት እንደሄደ ያውቃሉ።

ኮሌጁም እሷ በሌለችበት ጊዜ ያለ እሷ መሥራቱን ለምዶ ነበር። ፊደሉን ከኮምፒውተር በተቀዳ ድምፅ አስተምረዋል፤ ሔት ኸ የሆነበት፣ ዐይን የጠፋበት። ዲኑ አስቀምጦ አነጋገራት። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ትምህርቱ በምርጫ ይሆናል፤ የፈለገ ይመዘገባል።

«ያስተምሩልናል አይደል?» አላት።

«አስተምራለሁ። በጥንቱ አነባበብ ነው ግን።»

«ጉሮሮዎ ግን...»

«ጉሮሮዬን የጎዱት እነሱ አይደሉም። ተሳስቼ ነው።»

ዲኑ አያት። ምናልባት ሊከራከር ፈልጎ ይሆናል፤ ግን በሩ ላይ ሌሎች ሰዎች ይጠብቁት ነበር፣ እሱም የደከመ ሰው ነው። «እንደወደዱ» አላት።

የተመዘገቡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ትልቁ ክፍል ለሌላ ተሰጠ፤ እሷና ልጆቿ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን፣ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። የተሰበሩ ወንበሮች ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል። ቆሞ ማስተማር ትታለች። ድምፅዋ ከጠረጴዛው ወዲያ ስለማይሄድ ልጆቹ አንገታቸውን ወደ እሷ አስግገው ያዳምጧታል። በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ሔትና ሄ ከበፊቱ ይልቅ ተለይተው ይሰሙ ነበር፤ ለምን እንዲህ እንደሆነ ግን አላሰላሰለችውም፤ የምታሰላስልበት ጉልበት አልነበራትም።

«ቲቸር» አላት አንዱ፣ ወደ ትምህርቱ አጋማሽ ላይ፤ ጎልማሳ ነው፣ ቀን ቀን የታክሲ ሹፌር። «ይሄን ዐይን እንዲህ ተጨንቀን ብንለው፣ ሰምቶ የሚለይልን ሰው አለ?»

ጥያቄው በክፋት አልነበረም።

«ብዙ የለም» አለችው። «እኔ እለይልሃለሁ።»

ሹፌሩ ሳቀና እንደገና ሞከረ። አልወጣለትም። ሌላዋ ሞከረች፣ አልወጣላትም። ተራ በተራ ሲሞክሩ እሷ ዓይኖቿን ጨፍና አዳመጠች፤ ሲሳሳቱ «አይደለም» ትላለች፣ ሲቀርቡ «ትንሽ ቀረሽ» ትላለች። በዚያን ቀን ማንም አላገኛትም። ሰዓቱ አለቀና ወንበሮቻቸውን መልሰው ሄዱ።

አሁንም ታስተምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሟ እናትየዋን ወስዶ ሱቁ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ ደንበኛ ሲገባ «ጮክ በሉ፣ ልጄ አይሰማም» ይሉበታል አሉ። ያን ዕለት ቤቱ የእሷ ብቻ ነው። የፈተና ወረቀት ማረም፣ ልብስ ማጠብ፣ የሚሠራ ነገር ሞልቷል። እሷ ግን መጋረጃውን ዘግታ ትተኛለች፤ ከታች መዶሻው እያረፈ እየተነሣ፣ እስከ አመሻሽ ድረስ።